ራሱን በራሱ የሚያጠፋ ኮምፒውተር ሲገጥማችሁ

የኮምፒውተር ጥገና ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ከብልሽት ሁሉ ስለ አንዱ ብቻ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ፤ ሥራ ላይ እያለ ድርግም ስለሚል ያረጀ ዴስክቶፕ። ይህን የመረጥሁት ጀማሪ ጠጋኝ አብዝቶ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። አንዱ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሣጥን) ያስገዛል፣ ሌላው ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) ይቀይራል፣ ሌላው ደግሞ በቀጥታ ፎርማት ያደርጋል፤ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል። ሁሉም ሳይመረምሩ ፈርደዋል።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን አነጋግሩ። ከተከፈተ በስንት ደቂቃው ነው የሚጠፋው? ከባድ ሥራ ሲጀምር ነው ወይስ ዝም ብሎ ተቀምጦም? መልሰው ሲከፍቱት ወዲያው ይነሳል ወይስ ትንሽ ማረፍ ይፈልጋል? «አልፎ አልፎ ነው» የሚል መልስ ከመጣ አትተዉት፤ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ወይም እግሩ ገመዱን ሲነካው እንደሚጠፋ ሰው የሚያስታውሰው ደጋግማችሁ ስትጠይቁት ነው።

አጠፋፉንም በዓይናችሁ እዩ። መብራቱም ፋኑም ባንዴ ጸጥ ካሉ ጥርጣሬያችሁ ወደ ኤሌክትሪኩና ወደ ሙቀቱ ይሂድ። ጠፍቶ ራሱ ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ግን ብሉ ስክሪን (የዊንዶውስ የስህተት ጽሑፍ የሚታይበት ሰማያዊ ገጽ) መጥቶበት ሊሆን ይችላል፤ ዊንዶውስ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሲገጥመው ወዲያው ሪስታርት እንዲያደርግ ተደርጎ ስለሚመጣ ጽሑፉን ሳታነቡት ያልፋል። በሲስተም ማስተካከያው ውስጥ ያለውን የአውቶማቲክ ሪስታርት ምልክት አንሱ፤ ቀጥሎ ሲመጣ ሰማያዊው ገጽ እንደቆመ ታገኙታላችሁ።

ኢቨንት ቪውወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ቦታ) ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ አይቶ «ፓወር ሰፕላይ ነው» ብሎ የሚደመድም ብዙ ነው። ያ መዝገብ የሚነግራችሁ ማሽኑ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ ብትሰኩትም ያው 41 ይመዘገባል።

ፎርማት ለማድረግ እጃችሁ ሲበላችሁ ይህን ሞክሩ። ባዮስ ገጽ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ላይ ገብታችሁ ማሽኑን እንዲሁ ተዉት። እዚያም ከጠፋ ዊንዶውስ ንጹሕ ነው፤ ገና ሥራውን አልጀመረማ! የሰው ፋይል ለከንቱ ከመጥፋት የሚድነው በዚህች ቀላል ፍተሻ ነው። ባክአፕም (የፋይሎቹ ቅጂ) ቢሆን ከምንም ነገር በፊት ይወሰድ፤ እየጻፈ ሳለ ኃይል የሚቋረጥበት ሃርድ ዲስክ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

አሁን ወደ ሙቀት እንምጣ፤ ባረጀ ማሽን ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው። ከተከፈተ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፣ ወዲያው ቢከፍቱት ከመጀመሪያው ባጠረ ጊዜ ይጠፋል፣ ሲበርድ ደግሞ እንደገና ይቆያል። ባዮሱ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ተመልከቱ። ሥራ ሳይኖርበት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ እያለፈ የሚወጣ ከሆነ ችግር አለ፤ ብዙ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ካልበረዱም ማሽኑ ይጠፋል።

ፋኑ ሲዞር አይታችሁ አትዘናጉ። ከሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ከሚስበው ባለ ክንፍ ብረት) ላይ አንሱትና ከሥሩ እዩ፤ አቧራው በክንፎቹ አናት ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አየር አላሳልፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። በአየር ስትነፉት ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር። ቀጥሎ አራቱን የሂትሲንክ መያዣዎች አንድ በአንድ ንኩ። በተለይ ተጭነው በሚገቡት የፕላስቲክ መያዣዎች አንዷ ብቻ ሳትገባ ከቀረች ሂትሲንኩ በአንድ ጎን ይነሳል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ከልክ በላይ ይግላል። ሂትሲንኩን ካነሳችሁት አይቀር የደረቀውን ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። ትንሽ ጠብታ ይበቃል።

ሙቀቱ ደህና ከሆነ ኤሌክትሪኩ ይቀጥላል። ከግድግዳው ሶኬት ጀምሩ፣ ዲቫይደሩን፣ ከዚያ ገመዱን። ፓወር ሰፕላዩ በ12 ቮልት መስመሩ ከ11.4 እስከ 12.6፣ በ5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 መስጠት አለበት። ነገር ግን መልቲሜትሩ (የቮልት መለኪያው) ጥሩ ቁጥር ስላሳያችሁ ብቻ ነፃ አታውጡት። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ሥራ ሲቀልለት ልክ ይሆንና ሲከብድበት ለቅጽበት ይወርዳል፤ ያችን ቅጽበት መልቲሜትር ላያያት ይችላል። አስተማማኙ ፍተሻ ደህና መሆኑን የምታውቁትን ሌላ ፓወር ሰፕላይ አስገብቶ መሞከር ነው። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን እንዳትከፍቱ አደራ! ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል።

ማዘርቦርዱን (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ትልቁን ሰሌዳ) በደንብ ብርሃን አብርታችሁ እዩ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት ብዙዎቹ ጥራት በጎደላቸው ካፓሲተሮች ተበላሽተዋል። የካፓሲተር አናት ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጣ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ይቻላል።

ጥቂት ሰው የሚያስበው የኬዙ ማብሪያ ቁልፍ ነው። ለአራት ሰከንድ ያህል ተጭኖ የተያዘ ቁልፍ ማሽኑን በግድ ያጠፋዋል፤ አርጅቶ ተጣብቆ የሚቀር ቁልፍም ያንኑ ያደርጋል። ከማዘርቦርዱ ላይ የቁልፉን ትንሽ ገመድ ንቀሉና ገመዱ ተሰክቶባቸው የነበሩትን ሁለት እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ አነካክታችሁ አስነሱት። መጥፋቱን ከተወ ጥፋቱ የቁልፉ ነው።

ራም አብዛኛውን ጊዜ ብሉ ስክሪን ወይም ሪስታርት እንጂ ድርግም ብሎ መጥፋት አያመጣም፤ ከጠረጠራችሁት ሜምቴስት በሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፈትሹት። የባዮስ ባትሪ ሲደክም ሰዓቱን ያዛባል፤ የሚሠራን ማሽን ያጠፋል ብላችሁ ጊዜ አታጥፉበት።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ነገር ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሦስት ዕቃ ባንዴ ቀይራችሁ ቢስተካከል የትኛው እንደነበረ አታውቁም፤ ሰውየውም ለማያስፈልገው ሁለት ዕቃ ከፍሏል። ይህ ቅር ይለኛል፤ ያረጀ ማሽን ይዞ የሚመጣ ሰው አዲስ መግዛት ስላልቻለ ነው።

ስትጨርሱ የኬዙን ሽፋን ገጥማችሁ ፈትኑት፤ ክፍት ሆኖ ሲሠራ የሚበርድ ማሽን ሲዘጋ ሊግል ይችላል። በ20 ደቂቃ ይጠፋ የነበረ ከሆነ ያንኑ ከባድ ሥራ እየሠራ ለሰዓታት ይቆይ። ማዘርቦርዱ ካፓሲተሮቹ ካበጡና መቀየሩ ከማሽኑ ዋጋ በላይ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ንገሩት፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ፋይሉን አስረክቡት።