ሲቪያችሁ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ

ሰላም ልጆች። አዲስ አበባ ውስጥ ለድርጅቶች ሠራተኛ ስመለምል ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ። ዘንድሮ ጡረታ ልወጣ ነው። ከመሄዴ በፊት ሲቪያችሁ ኤጀንሲ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ የላካችሁት እንዳለ ቀጣሪው ጋ የሚደርስ ይመስላችኋል።

መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ማንበብ እንኳ አይባልም። ዓይኔ የሚሮጠው ወደ መጨረሻው የሥራ ቦታችሁና እዚያ ምን ያህል እንደቆያችሁ ነው፤ ትምህርት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት የተጻፈውን ገና ስከፍተው አውቀዋለሁ። የሁሉም ዓላማ አንድ፣ የሁሉም ትርፍ ጊዜ ማንበብና ፊልም ማየት። አንዴማ ከላይ የወንድ ስም ያለው ሲቪ መጨረሻው ላይ የሴት ስም ተፈርሞበት መጥቷል።

በጣም የሚያስቸግረን ዘመን አቆጣጠር ነው። አንዱ በ2008 ተመረቅሁ፣ በ2016 ሥራ ጀመርኩ ይላል። የመጀመሪያው የእኛ፣ ሁለተኛው የፈረንጅ ነው። ልጁ በተመረቀ በወሩ ነው ሥራ የያዘው! ናይሮቢ ተቀምጦ የሚያነበው ኃላፊ ግን ስምንት ዓመት ሥራ የፈታ ሰው ነው የሚታየው። ስለዚህ ደውዬ አጣራለሁ። ስልኩ ካልተነሳ ቀጣዩን እከፍታለሁ፤ ደንበኛው፣ ማለትም ቀጣሪው ድርጅት፣ ነገ ጠዋት አምስት ሰው ይጠብቃል። ስምም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ይሆናል። ሲቪያችሁ ላይ የፓስፖርቱን አድርጉት።

ከዚያ ማዘጋጀቱ ይመጣል። ስልክና ኢሜይላችሁን አወጣለሁ፤ ደንበኛው እኛን ዘሎ እንዳይደውል ነው። እንጀራችን ነዋ። የሚከፍለን ቀጣሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም (1156/2011) ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ይላል። «ለመመዝገቢያ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። ፎቶ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታና የትውልድ ቦታም ይወጣሉ። የትውልድ ቦታ በዚህ አገር ስንት ነገር እንደሚያስጠረጥር እናንተም ታውቃላችሁ።

በመጨረሻ ከላይ ግማሽ ገጽ ማጠቃለያ እጽፋለሁ፦ ምን እንደሠራችሁ፣ ስንት ደመወዝ እንደምትፈልጉ፣ መቼ መጀመር እንደምትችሉ። ሥራ ላይ እያላችሁ «ነገ» አትበሉ። ቋሚ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ነገ እመጣለሁ የሚለውን ሰው ደንበኛው «እኔንም እንዲሁ ጥሎኝ ይሄዳል» ብሎ ነው የሚያየው።

ያቺ ግማሽ ገጽ አንዴ አሳፍራኛለች። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ሲቪው ላይ «በግዥ ሥራ ተሳትፌያለሁ» ብሎ ጻፈ። ደካማ መሰለኝና ሳልጠይቀው «የግዥ ሥራ መርቷል» አልኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ «በሥርህ ስንት ሰው ነበር?» አሉት። «ማንም» አለ። ወረቀቱን ገልብጠው አሳዩት። ያልጻፈው ቃል በስሙ ተቀምጧል።

መጥቶ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «እትዬ፣ ቢደውሉልኝ ኖሮ እኮ የሠራሁትን እነግርዎት ነበር» አለኝ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ኮንቴይነሮች ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ብቻውን ሲከታተል የኖረ ልጅ ነው። የትኛው ሰነድ የት እንደሚዘገይ በቃሉ ያውቃል። ይህን ብጽፍለት «መርቷል» ከሚለው አሥር እጥፍ ይሻለው ነበር። እሱም አልጻፈው፣ እኔም አልጠየቅኩት። ሥራው ለሌላ ሰው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ማጠቃለያውን በስልክ ሳላነብላቸው ለደንበኛ ልኬ አላውቅም። ሁሉም ኤጀንሲ ግን እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ አስቀድማችሁ ደውሉና «ለድርጅቱ የላካችሁትን ለእኔም ላኩልኝ» በሉ። ጠያቂዎቹ ፊት የሚቀመጠው እሱ ነው፣ እናንተ የጻፋችሁት አይደለም። አንዳንዱ መልማይ ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው።