ከቦልዛኖ የመጣው ቀይ ድንጋይ

ጥያቄ፦ ልጄ ሰሜን ጣሊያን፣ ቦልዛኖ ተምሮ ሲመለስ ቀይ ድንጋይ ይዞልኝ መጣ። እዚያ መንገዱን የሚያነጥፉት በዚህ ነው አለኝ። ዕድሜው 280 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ዘመኑም ፐርሚያን ይባላል። ለመሆኑ የትኛው ንብርብር ቀድሞ እንደመጣ በምን ይታወቃል? ደጃችን ካለው ኮብልስቶን ጋርስ ይዛመዳል?
እናት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አውጥተው በደንብ ይዩት። ቀዩ ውስጥ ነጭና ግራጫ ፍንጣሪዎች ተበትነዋል። ነጩ ፌልድስፓር፣ እንደ መስታወት የሚያበራው ግራጫ ደግሞ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው። ቀሪው አመድ ነበር። የጋለ አመድና ጋዝ እንደ ጎርፍ ወርዶ ሲተኛ፣ ከሙቀቱ ብዛት እርስ በርሱ ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናል። ኢግኒምብራይት እንለዋለን።

አራት ኪሎ ጂኦሎጂ ስማር “ከታች ያለው ይቀድማል” የሚለውን ሕግ እንደያዝኩ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። የቦልዛኖ እሳተ ገሞራ ብዙ ማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) ሲተፋ መሬቱ ወደ ውስጥ ይሰምጥ ነበር። ኋላ የመጣው አመድ ያንን ጉድጓድ ሞላው። ስለዚህ ወጣቱ ድንጋይ ዝቅ ብሎ፣ አሮጌው ከጎኑ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ከፍታ ብቻውን አያስተማምንም።

እኔ የምወደው ምስክር ጠጠር ነው። እዚያ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ሥር፣ ጠጠሮች ተጣብቀው የሠሩት ንብርብር አለ። ጠጠሮቹ በአብዛኛው የተሰባበሩት ከዚያ በፊት ከነበረው አሮጌ መሬት ነው። ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ በላይ ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ተኝቷል። እሱ ውስጥ የዚያው የእርስዎ ቀይ ድንጋይ ስብርባሪ ይገኛል። ያልተወለደ ድንጋይ ጠጠር አይሆንም! ቅደም ተከተሉ እንዲህ በእጅ ይዳሰሳል።

ዓመቱን የሚነግረን ግን ዚርኮን የምትባል ደቃቅ ማዕድን ናት። ውስጧ ያለው ዩራኒየም ቀስ እያለ እርሳስ ወደሚባለው ብረት ይለወጣል፤ ሁለቱ ተለክተው ዕድሜው ይሰላል። በዚህ መንገድ የቦልዛኖው እሳተ ገሞራ ከ285 እስከ 274 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደሠራ ታውቋል። ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ ከ4 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስንት እንጦጦ ይወጣዋል!

ደጃችሁ ያለው ጠቆር ያለ ኮብልስቶን ባዛልት ነው፤ ፈስሶ የረጋ ላቫ እንጂ አመድ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ መውጣቱ ብቻ ያመሳስላቸዋል። ዕድሜው አይቀራረብም፤ የእንጦጦ ድንጋይ እንኳ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የፐርሚያንን መጀመሪያ በአገራችን ለማየት ትግራይ መሄድ ነው፤ እዳጋ ዓርቢ አካባቢ የጥንት ግግር በረዶ ትቶት የሄደ ደለል አለ።

የእርስዎ ድንጋይ የቅርብ ዘመድ ያለው አሮጌ የግንብ አጥሮች ላይ ነው። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲሄዱ ፈዘዝ ያለ ድንጋይ ካዩ ጠጋ ይበሉ። እንደ ምስር የተጨፈለቁ፣ ጠቆር ያሉ ቅርጾች ካሉበት ኢግኒምብራይት ነው። አመዱ ሲከብዳቸው የተደፈጠጡ ስለሆኑ መሬት ላይ ሳሉ ጋደም ያሉ ነበሩ። ግንቡ ላይ ቆመው ካገኟቸው ግንበኛው ድንጋዩን በጎኑ አዙሮ አስቀምጦታል ማለት ነው። የልጅዎን ድንጋይ ይዘው ይሂዱና ጎን ለጎን ያስተያዩዋቸው።