ክራር ለሚደረድር የሒሳብ ሠራተኛ

እዚሁ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወጣት «የሒሳብ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ለክራር ልስጥ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ፣ ከመመለሴ በፊት ስለ ጆን ደፊ ላውራህ።

ደፊ እ.ኤ.አ. በ1934 ዋሽንግተን የተወለደ፣ አባቱ የኦፔራ ዘፋኝ የነበሩ፣ ማንዶሊን የምትባል ትንሽ ባለ ክር መሣሪያ እየተጫወተ፣ ብሉግራስ የተባለውን የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ የሚዘፍን ሰው ነበር። በ1969 ከመጀመሪያ የሙዚቃ ጓዶቹ የተለየው ከአገር አገር መንከራተት ስለሰለቸው ነው፤ አውሮፕላንም አይወድም ነበር። የሙዚቃ መሣሪያ እየጠገነ መኖር ጀመረ። በ1971 «ሰልደም ሲን» የተባለውን ቡድን ሲያቋቁሙ፣ ጊታር ይዞ የሚዘፍነው ጆን ስታርሊንግ ሐኪም፣ ባንጆ ተጫዋቹ ቤን ኤልድሪጅ የሒሳብ ሊቅ፣ ባስ የያዘው ቶም ግሬይ ደግሞ የናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ሠሪ ነበር። በሳምንት አንድ ምሽት ተሰብስበው ይጫወቱ ነበር፤ መጀመሪያ ቤተዝዳ ከተማ፣ በኋላ በርችሚር የተባለው የሙዚቃ ቤት፣ ሐሙስ ሐሙስ።

በርችሚር የወሰደኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። አዝማሪ ቤት ግጥም ስወረውር ያደግሁ ሰው፣ እዚያ ከጎኔ ካለው ጋር ሳወራ ተቆጡኝ! ዘፈን ሲጀመር ዝም ነው። ደፊ ግን በየዘፈኑ መሃል ቀልዱ አያልቅም። ግዙፍ ሰውነት፣ ከላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቆረጠ ጸጉር፣ ዓይን የሚወጋ ሸሚዝ፤ ከዚያ ሁሉ መሃል ያ ቀጭን ድምፅ ሲወጣ ማመን ያቅታል።

አንድ ሐሙስ፣ ፋርማሲ የሚማር ማሲንቆ ተጫዋች የአገሬን ልጅ ይዤ ሄድኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ የጠየቀኝ ያንተኑ ጥያቄ ነው። «አላየህም? ሁሉም ሥራ አላቸው። መጀመሪያ ፈተናህን እለፍ» አልኩት። አለፈ። ዛሬ ቤት አለው፣ ልጆቹን አስተምሯል፤ ማሲንቆውን ግን ከዚያ በኋላ ሲነካ አላየሁም። በደልኩት አልልም፤ ደስተኛ ይመስላል። ነገር ግን የነገርኩት ግማሹን ብቻ ነው። ሰዎቹ ሥራ ብቻ ሳይሆን ማንም የማይነካው ሐሙስም ነበራቸው።

ምክሬ ራሱ ቀዳዳ አያጣም። ስታርሊንግ በ1977 ለሕክምና ሥራው ሲል ቡድኑን ትቶ ሄደ። የቡድኑ ዶብሮ (አግድም ተይዞ የሚመታ ጊታር) ተጫዋች ማይክ ኦልድሪጅ ሙሉ ጊዜውን ለሙዚቃ የሰጠው ደግሞ ይሠራበት የነበረው ዋሽንግተን ስታር ጋዜጣ በ1981 ሲዘጋ ነው።

ደፊ በታኅሣሥ 1996 አርሊንግተን ውስጥ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። የብሉግራስ አባት የሚባለው ኬንታኪያዊው ቢል ሞንሮ ከሞተ ገና ሦስት ወሩ ነበር። የሞንሮ ሐዘን የአገር ነው፤ የደፊ ግን የሰፈራችን ነበር። ኤልድሪጅ እስከ 2016 ድረስ ባንጆውን ይዞ ቀጠለ።

የዛሬ ልጆች ክራሩ ሳይቃኝ ቪዲዮው ይለቀቃል፤ እሱን ተወው። ሥራህን አትልቀቅ፣ አንድ ምሽት ግን ቁረጥ። የምግብ ቤት ባለቤት ስትጠይቅ ዓርብና ቅዳሜን አታንሳ፤ ያኔ ቤቱ ያለ አንተም ይሞላል። ወንበሩ ባዶ የሚያድርበትን ማክሰኞ ለምነው።