ቦታ እያለው ትልቅ ፋይል ስለማይቀበል ፍላሽ

32 ጊጋባይት የሆነው ፍላሽዎ ባዶ ሆኖ ሳለ 5 ጊጋባይት የሚመዝነውን የትምህርት ቪዲዮ አልቀበልም ያለው ተበላሽቶ ሳይሆን ፎርማቱ፣ ማለትም ፋይሎችን የሚያስቀምጥበት ሥርዓት፣ ፋት 32 (FAT32) ስለሆነ ነው። በዚህ ፎርማት የእያንዳንዱ ፋይል መጠን በ32 ቢት ቁጥር ስለሚመዘገብ፣ ፍላሹ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሊሞላ አይችልም።

1. ፎርማት ሲደረግ ሁሉም ስለሚጠፋ፣ በፍላሹ ላይ ያለውን በቅድሚያ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ ያድርጉ።
2. የፍላሹን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፎርማት» የሚለውን ይምረጡ፤ «ፋይል ሲስተም» ከሚለው ሥር ይህ የ4 ጊጋባይት ገደብ የሌለበትን ኤክስፋት (exFAT) መርጠው ያስጀምሩ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። እኔ ፍላሼን እንዲህ ከለወጥኩ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፌን ላሳትም ኮፒ ቤት ስሄድ፣ ፍላሹ በቀጥታ የተሰካበት የቆየ ፕሪንተር ሊያነበው ስላልቻለ የተረፍኩት ሌላ ፍላሽ ተውሼ ነው። ለኅትመት የሚይዙትን ፍላሽ በፋት 32 ይተዉት።