አዲስ ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ ስለት መሳል ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻላል፣ አዲስ ይጸድቃል ሲባል ብዙ ተስፋ አድርጌያለሁ። ስለት ልሳል አሰብኩ። ጓደኞቼ ግን «ፖለቲካ ቤተ ክርስቲያን አታምጪ» አሉኝ። ኃጢአት ነው እንዴ?

መልስ፦ ኃጢአት አይደለም እህቴ። ጸልዪ። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ነገሥታትና መኳንንት እንዲጸለይ ያዘዘው «ጸጥና ዝግ ብለን እንድንኖር» ነው (1ኛ ጢሞ. 2፥2)። እሱም በሕግ ተጠቅሟል። ሊገርፉት ሲሉ ሮማዊነቱን ተናገረ፤ በኋላም ለቄሣር ይግባኝ አለ።

ይልቅ ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ በመንግሥትም ትደገፋለች ይል ነበር። ይህን የሚናፍቁ ምእመናን አሉ። እኔ አልናፍቅም። ዘመኑ ሲለወጥ አንቀጹም አብሮ ሄደ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ታሰሩ፣ በ1971 ተገደሉ። ከመንግሥት የተገኘ ክብር መንግሥት ሲወድቅ ይወድቃል።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ነው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ ለማንኛውም ሰው የሃይማኖት ነፃነት ይሰጣል። እኛ በጅማ ዞን በቁጥር ትንሽ ነን። ታቦታችንን አጅበን ጥምቀተ ባሕር የምንወርደው በዚህ መብት ነው። ሂርማታ ገበያ አጠገብሽ የምትሸጠው ሙስሊም እህትም መስጊድ የምትሄደው በዚሁ መብት ነው። ስለዚህ ስትጸልዪ «ለእኛ የሚያደላ ሕግ ስጠን» አትበዪ። ለእሷም ለአንቺም እኩል የሚቆም፣ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በተግባርም የሚከበር ሕግ ለምኚ። ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ እዚህም ይሠራል።

ደግሞ ነገ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በአንቀጽ 105 መሠረት የመብቶቹን ምዕራፍ ለመለወጥ የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። የማሻሻያ ሐሳብም ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። ያኔ ቤትሽ አትቅሪ፤ አንብበሽ ሂጂ፣ ተናገሪ።

ጓደኞችሽም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ዐውደ ምሕረት የፓርቲ መድረክ አይደለም። ጽዋ ማኅበር ላይ ተነጋገሩ፤ ለየትኛው ወገን እንደምትቆሙ አትጠያየቁ።

ስለቱን በተመለከተ ለጊዜው ባትሳዪ እመርጣለሁ። በእጅሽ ላልሆነ፣ ጊዜውም ላልታወቀ ነገር የተሳልሽው ኋላ ሕሊናሽን ያስጨንቃል። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ፤ እስከዚያ ጸሎቱ ይበቃል።