ኮንሰርቱ ቀረ፣ ገንዘቤስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ስታዲየም አካባቢ ሊደረግ ለነበረ ኮንሰርት ለእኔና ለሦስት ጓደኞቼ ትኬት በስልክ መተግበሪያ ገዛሁ። አንዱ 1,500 ብር ነው። ልከፍል ስል በእያንዳንዱ ላይ 90 ብር «የአገልግሎት ክፍያ» ተጨመረበት። በቴሌብር ከፈልኩ። ሊጀመር ጥቂት ሰዓት ሲቀረው «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ተሰርዟል» የሚል መልእክት ላኩልን። በኋላ ስንሰማ ለካ አዘጋጁ ፈቃድ በጊዜው አልጨረሰም። 6,000 ብሩን መልሰዋል። 360 ብሩን ግን «እኛ ሥራችንን ጨርሰናል፣ ይሄ አይመለስም» አሉ። ጓደኞቼ ተይው ይሉኛል። ልተወው?
ሰ.፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ እህቴ፣ አትተይው።

ጓደኞችሽ ተይው የሚሉሽ ገንዘቡ ትንሽ ስለመሰላቸው ነው። ግን ሺህ ትኬት የተሸጠበት ዝግጅት ቢሆን እኮ ይቺ 90 ብር 90,000 ትሆናለች፣ ያም ሁሉ ላልተደረገ ኮንሰርት የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ሰው «ለዚች ብዬ ነው?» እያለ ስለሚተወው ብቻ እዚያው ይቀራል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ትኬት ስትገዢ ከአዘጋጁ ጋር ውል ገብተሻል። መተግበሪያው በአብዛኛው ስለ አዘጋጁ ሆኖ የሚሸጥ ወኪል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው አዘጋጁን ነው። «መተግበሪያውን ጠይቂ»፣ «አዘጋጁን ጠይቂ» እየተባባሉ ቢያመላልሱሽ እንዳትሰለቺ። ለሁለቱም በአንድ ቀን ጻፊላቸው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውሉ ከመደረጉ በፊት ወደነበሩበት ሁኔታ ይመለሳሉ ይላል (ቁጥር 1815)። አንቺ ከውሉ በፊት 6,360 ብር ነበረሽ እንጂ 6,000 አልነበረሽም። መተግበሪያው «ትኬቱን ሸጬልሻለሁ፣ ሥራዬን ሠርቻለሁ» ሊል ይችላል፣ ክርክሩም ጨርሶ ባዶ አይደለም። ግን 90 ብሯን የከፈልሽው ኮንሰርቱ ውስጥ ለመግባት ነው፣ ለሌላ ለምንም አይደለም። መተግበሪያው አልመልስም ካለ አዘጋጁ በእሱ ጥፋት የደረሰብሽ ኪሳራ አድርጎ ይክፈልሽ። ስታዲየም ድረስ የመጣችሁበት የታክሲ ሒሳብም ካለ፣ ማስረጃ ይዘሽ አብረሽ ልትጠይቂው ትችያለሽ።

«ከአቅም በላይ» ያሉትን ደግሞ ዝም ብለሽ እንዳትቀበዪ። ይህን ሐረግ ለሁሉም ነገር መለጠፍ ተለምዷል። ሕጉ ግን መስፈርት አለው፦ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆን አለበት፣ ግዴታን መፈጸምም ፈጽሞ የማያስችል መሆን አለበት። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጦርነት፣ የባለዕዳው (ግዴታውን መፈጸም ያለበት ሰው) ሞት ወይም ድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ የመንግሥት ክልከላም ጭምር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ታዲያ ፈቃድ የተሰጠው ዝግጅት በድንገት ቢከለከል አንድ ነገር ነው። ፈቃዱን ሳይጨርስ ትኬት መሸጥ የጀመረ አዘጋጅ ግን ምኑን ነው ያላሰበው? ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የዘርፉ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያ ቸልተኝነት ነው፣ ቸልተኝነት ደግሞ ካሳ ያስከፍላል።

በእርግጥ ከአቅም በላይ ቢሆንስ? ያኔም የትኬቱ ዋጋ ይመለሳል፤ አዘጋጁ የሚድነው ከካሳው ነው። የአገልግሎት ክፍያዋ ግን ያኔ ታከራክራለች፣ ስትገዢ የተስማማሽበትን ማየት ያስፈልጋል። «አይመለስም» የሚለው ከመክፈልሽ በፊት በግልጽ ታይቶሻል ወይስ ሚስጥር ቁጥርሽን ካስገባሽ በኋላ ነው የመጣው? በኋላ የመጣ ከሆነ አልተስማማሽበትም ብለሽ ተከራከሪ። ትኬቱ ጀርባ ላይ የሚታተመው «የተሸጠ ትኬት አይመለስም» ደግሞ ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ ነው የሚሠራው። ዝግጅቱን ራሱ ያስቀረ አዘጋጅ ሊደገፍበት አይገባም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ስልክ አትደውዪ፣ ጻፊ። ስልክ ማስረጃ አይተውም፣ በዚያ ላይ ሕጉ ራሱ ከክስ በፊት ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። እንዲህ በይ፦ «ለኮንሰርታችሁ አራት ትኬት ገዝቼ በቴሌብር 6,360 ብር ከፍያለሁ። የግብይት ቁጥሩ ይኸው። ዝግጅቱን ስለሰረዛችሁ 6,000 ብር መልሳችኋል። ቀሪውን 360 ብር እስከ መጪው ዓርብ በዚሁ ስልክ ቁጥር እንድትመልሱ እጠይቃለሁ። ካልመለሳችሁ ለንግድ ቢሮ አቤቱታ አቀርባለሁ።» የቴሌብር መልእክትሽን፣ የክፍያ ገጹን ስክሪንሾትና የስረዛውን መልእክት አንድ ላይ አስቀምጪ። ስክሪንሾቱን ዛሬውኑ አንሺ፣ ዝግጅቱ ከተሰረዘ በኋላ ገጹን ሊያወርዱት ይችላሉ።

ዓርብ አልፎ ዝም ካሉ አዘጋጁ ያለበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፣ ከዚያም የከተማው ንግድ ቢሮ አለ። አቤቱታሽ ላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጥቀሺ። አዋጁ ሸማች ቅሬታ የማቅረብና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት እንዳለው ይናገራል። የቀድሞው የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ በ2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለተዛወረ የድሮውን መሥሪያ ቤት ፍለጋ እንዳትንከራተቺ። አራታችሁም አብራችሁ ፈርሙ፣ ሌሎች ገዢዎችንም ካገኛችሁ ጨምሩ። ለ360 ብር ብቻ ፍርድ ቤት መመላለስ አያዋጣም፣ ሃምሳ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ግን ክብደት አለው። ጊዜው አለፈ ቢሉሽም አትደንግጪ፣ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በመደበኛው ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) እስከ 10 ዓመት ሊቀርብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለልጄ ሠርግ ፒያሳ አካባቢ ላለ አዳራሽ 40,000 ብር ቀብድ ሰጥቼ ደረሰኝ ይዣለሁ። አሁን ባለቤቱ በተሻለ ዋጋ ለሌላ ሰው አከራይቶት «ቀብድዎን ይውሰዱ» ይለኛል። ልውሰድ?
ተ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አባታችን፣ 40,000 ብሩን ብቻ ተቀብለው «ጨርሰናል» የሚል ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል (ቁጥር 1885)። ሌላ ስምምነት ከሌላችሁ የእርስዎ 80,000 ነው። ደረሰኙን ግን አንዴ ይዩት። «ቀብድ» ይላል ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? ሁለተኛው ከሆነ ባለቤቱ እጥፉን አልከፍልም ብሎ ሊከራከር ይችላል። ያኔም ገንዘብዎን ከነኪሳራው ይጠይቃሉ፤ ሌላ አዳራሽ በውድ ከተከራዩ ልዩነቱን ጭምር። ያየውን የሚያስረዳ አንድ ሽማግሌ ይዘው ቢያነጋግሩት መልካም ነው፣ የሠርጉ ቀን ሳይደርስ ይፈጠን። ሕንፃው በኮሪደር ልማት ፈርሶ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር፦ ቀብዱ ይመለስ ነበር፣ እጥፉ ግን አይገባዎትም።

ጥያቄ፦ ትኬት የገዛሁበት ኮንሰርት ተካሂዷል፣ እኔ ግን ታምሜ ቀረሁ። ይመለስልኛል?
ም.፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ ሻጩ አስቀድሞ «እንመልሳለን» ካላለ በስተቀር የማስገደድ መብት የለህም። ወንበርህ ነበረ። ወደፊት መምጣት የማትችል መሆኑን ካወቅክ ትኬቱ በስም የተያዘ አለመሆኑን አረጋግጠህ ለጓደኛ አሳልፈው። ኮንሰርቱ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ቢሆን ግን ሌላ ነው፣ አዲሱን ቀን የመቀበል ግዴታ የለብህም። «አይመቸኝም፣ ገንዘቤን መልሱ» ብለህ ከአዲሱ ቀን በፊት ጻፍ።