የፎቶግራፉ ጀርባ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ አያቷ የተዉትን የቆርቆሮ ሳጥን አቅፋ መጣች። «ጋሼ፣ ደብዳቤውንም ፎቶውንም በስልኬ አንስቼዋለሁ። አሁን ወረቀቱን ብጥለው ምን ይጎድልብኛል?» አለችኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ፤ መልሱ ከአፌ ፈጥኖ መውጣት ነበረበት። አልወጣልኝም፤ የእናቴ ድምፅ መጣብኝ።

አባቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ ነበር። በ1944 ዓ.ም. እዚያ የተነሳው አንድ ፎቶግራፍ ነበረን፤ አምስት ወጣቶች በረዶ ላይ፣ ድንኳን ፊት ቆመው። በ1974 ዓ.ም. የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ፣ ፎቶግራፎቹ በየመሳቢያው ከሚንከራተቱ ብዬ ኮምፔንሳቶ ላይ ደርድሬ አጣበቅኋቸው፤ ያውም አናጺዎች በሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ። ያኔ መጻሕፍት መጠገን መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ወረቀት የሚጠገነው ነገ በውኃ ርሶ በሚለቅ የዱቄት ሙጫ መሆኑን አውቅ ነበር። ለመሥሪያ ቤቱ መጽሐፍ ያደረግኩትን ጥንቃቄ ለአባቴ ነፈግሁት።

እናቴ ቡና እያፈላች «ልጄ፣ ጀርባው ላይ እኮ አባትህ ስማቸውን ጽፎበታል» አለችኝ። «አንቺ ታውቂያቸው የለ እማዬ? በኋላ ትነግሪኛለሽ፣ እጽፈዋለሁ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት እዚያው ሰሌዳ ሥር ተቀምጣ ቡና አፍልታልኛለች። በ1986 ዓ.ም. አረፈች። አልጠየቅኋትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት እናት በሰው በሰው ጠይቀው ቤቴ መጡ። ወንድማቸው ከአባቴ ጋር ዘምቶ አልተመለሰም። ሲሄድ ሕፃን ስለነበሩ መልኩን አያስታውሱትም፤ በቤታቸውም አንድ ምስል የለም። አባቴን አሳየኋቸው። ጣታቸውን በቀሩት አራት ፊቶች ላይ በየተራ እያሳረፉ «ይሄ ይሆን?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ሲሄዱ በቢላዋ ጫፍ አንዱን ጥግ ላነሳ ሞከርኩ። ወረቀቱ ለሁለት ተላጠ፤ ጽሑፉ ከእንጨቱ ጋር ቀረ። ቀለሙ ዘልቆ በግልባጩ የሚነበበው «ሃምሳ አለቃ» የሚለው ብቻ ነበር።

ልጅቷን «ጀርባውንስ አንስተሻል?» አልኳት። አላነሳችም። እናንተ በአንድ ቀን ሠርግ ሺህ ፎቶ ታነሳላችሁ፤ ከዓመት በኋላ አጠገባችሁ የቆመው ማን እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። ይህን ስል ደግሞ እሷ ቢያንስ ሳትጥል ጠየቀች፤ እኔ ሲነገረኝም አልሰማሁም።

ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ የየቤቱን ሳጥን ግን ማንም መጥቶ አይሰበስብላችሁም። ስሙን ለስላሳ እርሳስ ይዛችሁ፣ ፎቶውን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ደፍታችሁ፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ ሳትጫኑ ጻፉ። ደብዳቤን ከነፖስታው አኑሩ፤ ማኅተሙ ቀንና ከተማ ይነግራችኋል። «እንዳይበላሽ» ብላችሁ በፕላስቲክ አታሽጉት፤ የሚያጣብቅ ገጽ ያለው አልበምም የኔው ኮላ ወንድም ነው። ሳጥኑን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከወጥ ቤት አርቁት።

ብዙ አትነካኩት ልላችሁም አስቤ ነበር። ነገር ግን በልጅነቴ የማውቀው የአጎቴ የብራና ዳዊት በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳው ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ በየማለዳው ወርዶ ይነበባል፣ ብልም አይጥም አልደፈረውም። ስለዚህ ሳጥኑን ክፈቱት፤ ያውም የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ።

ሰሌዳውን በአቡጀዲ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። የጎረቤቴን ልጅ ቅዳሜ ታላቅ አክስቷን ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ። እርሳሱን ቀርጫለሁ።